በሞተር ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ፦ የናፍጣው ስሌት፣ ሞተሩና ስንቁ

ይህን የምጽፈው ለባሕር ዳር፣ ለደብረ ማርቆስ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለቢቸና ልጆች ነው። መካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ተምራችሁ ባሕር ላይ መሥራት ለምታስቡ። ባሕር ዳር ካለው የማሪታይም አካዳሚ ወጥታችሁ የጭነት መርከብ ላይ ለጀመራችሁም ይሆናል። የግል የሞተር ጀልባ፣ ማለትም ያት፣ ከጭነት መርከብ በጣም ይለያል። መርከቡ ላይ ሃያ ምናምን ሰው አለ። ዋና መሐንዲስ አለ፣ ሁለተኛ አለ፣ ዘይት የሚጠርግ ልጅ አለ። ያት ላይ ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር ከአልጋው የሚነሳው አንድ ሰው ነው። እሱም እናንተ ናችሁ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። የእናቴ ዘመዶች ዘጌ ናቸው። የጭነት መርከብ ላይ ቆይቼ አሁን የምሠራው 16 ሜትር ገደማ በሆነች የሞተር ጀልባ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ከነሱ ሌላ ካፒቴኑና እኔ ነን፤ በቃ አራት ሰው። አገር ቤት ስመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ማዕበል ነው። እኔ የምመልሰው ስለ ናፍጣ ነው። በሸራ የሚሄድ ጀልባ ናፍጣው ቢያልቅ ነፋስ ይጠብቃል። የሞተር ጀልባ ግን ሰርባቶዮው ውስጥ ካለው ሌላ የሚገፋው የለም። ስለዚህ ጉዞው ገና ወደብ ላይ፣ በወረቀትና በካልኩሌተር ነው የሚጀመረው።

ትንሽ ጀልባ ውቅያኖስ አይችልም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ኖርድሃቨን የሚባለውን ባለ 40 ጫማ የሞተር ጀልባ ንገሩት። 12 ሜትር ገደማ ነው። ከ2001 እስከ 2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዓለምን ዞሮ ተመልሷል። የቻለው ቀስ ብሎ ስለሄደ ነው።

ስሌቱ

ሁለት ነገር ያዙ። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው። አንድ ኖት ደግሞ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ ነው።

ረጅም መንገድ የሚሄዱ ጀልባዎች ሆዳቸው ከባድ ነው፤ ውሃውን ሰንጥቀው እንጂ ላዩ ላይ ተንሳፍፈው አይሮጡም። ለእንዲህ ዓይነት ጀልባ የፍጥነት ጣሪያ አለው። ውሃው የሚነካውን የጀልባዋን ርዝመት በጫማ ውሰዱ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ1.34 አባዙ። ርዝመቱ 49 ጫማ ከሆነ ስኩዌር ሩቱ 7 ነው። ጣሪያው 9.4 ኖት ገደማ ይመጣል። ጀልባዋ ስትሄድ ከፊቷ ማዕበል ትሠራለች። ወደ ጣሪያው ስትጠጋ የራሷን ማዕበል ዳገት ለመውጣት ትታገላለች። ሲሚንቶ ጭኖ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣ ተሳቢ አስቡ። ሹፌሩ ቢረግጠውም ፍጥነቱ ንቅንቅ አይልም፤ ናፍጣው ግን ይሄዳል።

ሌላው ሕግ ይህ ነው። በሰዓት የሚቃጠለው ናፍጣ በግምት ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ያድጋል። በቁጥር እንየው። ጀልባችሁ በ6.5 ኖት ስትሄድ በሰዓት 12 ሊትር ትበላለች እንበል። ሰርባቶዮዎቿ በድምሩ 7,500 ሊትር ይይዛሉ። መንገዱ ከካናሪ ደሴቶች ከላስ ፓልማስ ተነስቶ ካሪቢያን ሴንት ሉሲያ ነው፤ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ።

በ6.5 ኖት 415 ሰዓት ይፈጃል። አሥራ ሰባት ቀን ከትንሽ ሰዓት ነው። ሞተሩ በቀን 288 ሊትር ይበላል። ጀኔሬተሩን ጨምራችሁ 300 በሉት። መንገዱን በሙሉ 5,200 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስትደርሱ 2,300 ሊትር ይተርፋችኋል። ይህ ጤናማ ነው።

አሁን ባለቤቱ ቸኩሎ “8 ኖት እንሂድ” አለ እንበል። 8ን ለ6.5 አካፍሉ፣ ውጤቱን ኪዩብ አድርጉ። 1.86 ይመጣል። በሰዓት 12 የነበረው ከ22 ሊትር በላይ ሆነ። ጉዞው ወደ 338 ሰዓት አጥሯል፤ ሦስት ቀን ከሩብ ተርፏል። ናፍጣው ግን ለሞተሩ ብቻ ከ7,500 ሊትር ያልፋል። የያዛችሁት ሁሉ አለቀ፣ ሴንት ሉሲያ ገና አልታየችም። አንድ ኖት ተኩል ብቻ ጨምሮ ነው እንግዲህ።

ይህን ስሌት ለባለቤቱ አፍ በአፍ አትንገሩት። ወረቀት ላይ ጻፉና አሳዩት። ሰው ከመሐንዲስ ጋር ይከራከራል፤ ከቁጥር ጋር ሲሆን ግን ዝም ብሎ ያያል።

አምራቹ የሚሰጠውን የናፍጣ ሰንጠረዥ እንደ መነሻ ብቻ ውሰዱት። ስንቅና መለዋወጫ የሞላች ጀልባ፣ ሆዷ ላይ አልጌ ያበቀለች ጀልባ፣ ነፋስ ከፊት የሚመታት ጀልባ የበለጠ ትበላለች። ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉ ጭነት ጭናችሁ አንድ ሙሉ ቀን ሞክሯት። ከዚያ ውቅያኖስ ላይ በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ሁለት ነገር ጻፉ። አንዱ የቀረው መንገድ ነው፣ ሌላው የቀረው ናፍጣ። በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጉና አገናኙት። መስመሩ ከመድረሻችሁ በፊት ዜሮን የሚነካ ከመሰለ ያኔውኑ ግማሽ ኖት ቀንሱ። በአራተኛው ቀን የቀነሰ ሰው በሰላም ይገባል። በአሥራ አራተኛው ቀን የነቃ ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። የናፍጣውን መጠን ከስክሪን ብቻ አትመኑ። ሰርባቶዮው ጎን ላይ ባለው የመስታወት ቱቦ ደረጃውን በዓይናችሁ እዩ። ጀልባዋ ስለምትወዛወዝ ብዙ ጊዜ አይታችሁ መካከሉን ውሰዱ።

ወቅት

አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ ሰው የሚጠብቀው የሰሜን ምሥራቁን የንግድ ነፋስ ነው። ነፋሱ ከኋላ ይገፋል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሻገራል።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል የአረብ ባሕር አለ። ጎጃም ላይ ክረምቱ ሲከብድ፣ ሰኔና ሐምሌ፣ እዚያ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይበረታል። ባሕሩም አብሮ ይከፋል። በዚያ ጊዜ ትንሽ ጀልባ ይዞ መውጣት አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ የካቲት የሚነፍሰው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በጣም የተሻለ ነው። ቀይ ባሕር ሰሜኑ ክፍል ላይ ዓመቱን ሙሉ ነፋሱ ከሰሜን ነው። ከጅቡቲ ወደ ስዊዝ 1,300 የባሕር ማይል ገደማ ስትወጡ ከግማሽ በላይ በፊታችሁ ይመታችኋል። ናፍጣውን ስትሰሉ ይህን ጨምሩ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በባብ ኤል መንደብ፣ ማለትም በቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ፣ በኩል የሚያልፉ መርከቦች ተጠቅተዋል። እኔ ብሆን የግል ጀልባ በዚያ በኩል አላሳልፍም። አንዳንድ ባለቤቶች ጀልባቸውን ትልቅ መርከብ ላይ አስጭነው ይልካሉ። ውድ ነው፣ ግን አስተዋይነት ነው።

ከሁሉም በላይ የመድረሻ ቀን አትቁረጡ። እንግዶች የአውሮፕላን ትኬት ከገዙ ካፒቴኑ መጥፎ ትንበያ እያየ ይወጣል። ብዙ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። “ከዚህ ሳምንት እስከዚያ ሳምንት ባለው ጊዜ እንደርሳለን” ማለት ይበቃል።

የሞተር ክፍል

ብዙ ሰው ሁለት ሞተር ካለ ደህና ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ሰርባቶዮ ነው። ናፍጣው ከቆሸሸ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ይቆማሉ። እኔ የምመርጠው አንድ ትልቅ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ነው። ከጎኑ ደግሞ የራሱ ትንሽ ሰርባቶዮ፣ የራሱ ፊልትሮ፣ የራሱ ፕሮፔለር ያለው ትንሽ መጠባበቂያ ሞተር ይኑር። በሦስትና በአራት ኖት ቢሆንም ወደ ወደብ ያስገባችኋል።

የናፍጣ ሞተር ቀላል ነገር ነው የሚፈልገው። ንጹህ ናፍጣ፣ ንጹህ አየር፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ዘይት። ባሕር ላይ የቆሙ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት በናፍጣው ምክንያት ነው። በረጅም ማዕበል ላይ ጀልባዋ ስትናጥ ሰርባቶዮው ታች ለዓመታት የተኛው ጭቃና ውሃ ይነሳል፤ ፊልትሮውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሰርባቶዮዎቹን አስከፍታችሁ አጽዱ። ናፍጣ ስትቀዱ ከመጀመሪያው ሊትር በመስታወት ማሰሮ ውሰዱና አስቀምጡ። ውሃ ካለበት ታች ይረጋል፣ መስመሩ በግልጽ ይታያል። ደመናማ ከሆነ አትቀበሉ። የሚሸጥላችሁ ሰው ቢቆጣም አትቀበሉ።

ጥሩ ጀልባ ሁለት ፊልትሮ ጎን ለጎን አለው፣ መሃሉ ላይ ባልቦላ። አንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው ታዞራላችሁ፣ ሞተሩ አይቆምም። ፊልትሮው ላይ የመሳብ ኃይሉን የሚለካ ትንሽ ጌጅ አለ። መርፌዋ ቀስ በቀስ ስትወጣ ፊልትሮው እየሞላ ነው ማለት ነው። ሞተሩ እስኪንተፋተፍ አትጠብቁ። መርፌዋ ቢጫው ውስጥ ስትገባ አዙሩ፣ የተዘጋውን ቀይሩ፣ አዲሱን በንጹህ ናፍጣ እስከ አፉ ሙሉት። አየር ከገባ ሞተሩ ይጠፋል። ከዚያ ከኢንጀክተሮቹ ላይ አየሩን ማስወጣት ነው፤ በጨለማ፣ ወለሉ ከእግራችሁ ሥር እየሸሸ፣ በካቻቢቴና በቁልፍ። ይህን ወደብ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትችሉት ድረስ ተለማመዱ።

አሁን በየሰዓቱ ስለሚደረገው ዙር ልንገራችሁ። የሞተር ክፍሉን በር ስትከፍቱ ወዲያው አትግቡ። መጀመሪያ አሽትቱ። የተቃጠለ ጎማ፣ የናፍጣ፣ የትኩስ ቀለም ሽታ ሁሉም የየራሱ ነው። ቀጥሎ ስሙ። ከዚያ የጆሮ መከላከያ አድርጋችሁ ግቡ። በሙቀት መለኪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታዎችን ለኩ። የውሃ መግቢያው፣ የጭስ ማውጫው መታጠፊያ፣ ማርሹ፣ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጀልባዋ የሚወጣበት ቦታ። ጻፉት። ዋናው ነገር ቁጥሩ ራሱ አይደለም፤ ከትናንቱ መለወጡ ነው።

እኔ ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚመጥ ነጭ ጨርቅ አነጥፋለሁ። ንጹህ መሆን አለበት፣ በየጥቂት ቀኑ እቀይረዋለሁ። ነጭ ላይ አንድ ጠብታ እንኳ ይታያል። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ የማርሽ ወይም የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። አረንጓዴ ከሆነ የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ነው። የጠራ ከሆነ በጣቴ ነክቼ ጫፉን እቀምሰዋለሁ። ጨው ከሌለው ከአየሩ የወረደ ላብ ነው፣ ልተወው እችላለሁ። ጨው ካለው የባሕር ውሃ እየገባ ነውና ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እከተላለሁ። የትኛውም የኤሌክትሮኒክስ አላርም ይህን ያህል ቀድሞ አይነግራችሁም።

መለዋወጫ ስትገዙ መሃል ባሕር ላይ ምን ሊያቆማችሁ እንደሚችል አስቡ። ፊልትሮ በብዛት። ቺንጋ። የባሕር ውሃ ፖምፓው ውስጥ ያለው የጎማ ኢምፔለር (ውሃውን እየዞረ የሚገፋው)፣ ከነጋኬቱ። ሙሉ የባሕር ውሃ ፖምፓ አንድ። ኢንጀክተርና የናፍጣ ቱቦ። አልተርኔተርና የሞተር ማስነሻ። የአውቶፓይለቱ ፖምፓ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ አውቶፓይለቱ ሌትና ቀን ይሠራል፣ እሱ ከሞተ አራት ሰው በእጁ መሪ ሲይዝ ይሰነብታል። ዘይት ደግሞ ለሁለት ቅያሪ። ብዙ ሞተሮች በየ250 ሰዓቱ ዘይት ይፈልጋሉ፣ መንገዱ ግን 415 ሰዓት ነው። ስለዚህ ባሕሩ ረጋ ባለበት ቀን መጠባበቂያውን ሞተር አስነስታችሁ ዋናውን ታቆሙታላችሁ። ትኩስ እያለ ዘይቱን በፖምፓ ስባችሁ ታወጣላችሁ፣ ፊልትሮውን ትቀይራላችሁ፣ ትሞላላችሁ። ያን ጊዜ ካፒቴኑ ከአድማሱ ላይ ዓይኑን እንዳይነቅል ንገሩት።

አንድ ነገር ከጣና ተምሬ የሄድኩት አለ። እምቦጭ ባለበት አካባቢ ሞተር የያዘ ሰው ያውቀዋል። የውሃ መግቢያው በቅጠልና በሥር ይደፈናል፣ ሞተሩ ይሞቃል። ውቅያኖስ ላይ ተንሳፋፊ የባሕር አረምና ፌስታል ያንኑ ያደርጋሉ። ወንፊቱን በየቀኑ ክፈቱና እዩ።

ሌሊት

ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ፣ የ1972ቱ፣ አምስተኛው አንቀጹ ግልጽ ነው። ሁልጊዜ በዓይንና በጆሮ የሚጠብቅ ሰው መኖር አለበት። ራዳርም፣ መርከቦች ስማቸውንና ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቁበት ኤአይኤስም ይህን አይተኩም። አራት ሰው ካላችሁ ሦስት ሰዓት ጠብቆ ዘጠኝ ሰዓት ማረፍ ጥሩ ተራ ነው። የትልቅ መርከብ መብራት ከ10 የባሕር ማይል ታየ እንበል። እሷ 20 ኖት፣ እናንተ 6.5 ኖት ፊት ለፊት ብትሄዱ 23 ደቂቃ ውስጥ ትገናኛላችሁ። ስለዚህ ሻይ ላፍላ ብሎ ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ መቆየት የለም።

ሌሊት ብቻውን ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው አይኖርም። መውጣት ካስፈለገ ሌላ ሰው ይቀሰቀሳል፣ የሕይወት ጃኬት ይለበሳል፣ ገመድ ይታሰራል። ተረኛው ከውሃው ውስጥ ቢጮኽ ሞተሩ እየሠራ ማንም አይሰማውም። የአደጋ ጊዜ ሬዲዮው ቻናል 16 ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። በ406 ሜጋኸርዝ ለሳተላይት የሚጮኸው የአደጋ መሣሪያ በጀልባዋ ስም የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ። የሞተር ክፍሉ እሳት ከያዘ በሩን አትክፈቱ። ሞተሩን አጥፉ፣ አየሩን ዝጉ፣ ማጥፊያውን ከውጭ ልቀቁ፣ ጠብቁ። አየት ላድርግ ብሎ የከፈተ ሰው ለእሳቱ አየር ነው የሰጠው።

ስንቅ

ጎጃሜ ስንቅ ያውቃል። ይህ ባሕር ላይ ትልቅ ሀብት ነው።

የሞተር ጀልባ ሸራ ስለሌላት ወደ ጎን ትናጣለች። ጥሩዎቹ ከውሃ በታች እንደ ክንፍ የሚንቀሳቀስ ማረጋጊያ አላቸው። ሌሎቹ ግራና ቀኝ ረጅም ዘንግ ዘርግተው ውሃ ውስጥ ከባድ ብረት ይጎትታሉ። ያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ብዙ ሰው ያመዋል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወሰደው ከመነሳት በፊት ነው። ከጀመረ በኋላ ሆድ አይቀበለውም። በነዚያ ቀናት ምድጃ ላይ መቆም አይቻልም፤ የሚያስፈልገው ሳይበስል የሚበላ ነገር ነው። በሶ ማለት ለዚህ የተሠራ ነው። እኔ ከጮቄ ሥር ከሚመጣ ገብስ የተዘጋጀ በሶ አስልካለሁ። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ ትንሽ ስኳርና ዝንጅብል ጨምሬ በክዳን ኩባያ እሰጣቸዋለሁ። የጀልባው ባለቤት ሚስት መጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር የቀመሰችው። አሁን ከመነሳታችን በፊት “በሶው መጥቷል ወይ?” ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት። ዳቦ ቆሎም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት ተረኛውን ከእንቅልፍ የሚያድነው እሱ ነው።

እንጀራ ይቻላል፣ ግን ዘዴ አለው። ሊጡን ክዳን ባለው ባልዲ እስከ ግማሽ ብቻ አድርጉ፣ ካልሆነ በመናጡ ይፈስሳል። በምድር ወገቡ አካባቢ ባለው ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። ባሕር ዳር ላይ በለመዳችሁት ቀን ሳይሆን በሽታውና በአረፋው ወስኑ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል። ስለዚህ ጀኔሬተሩ ለባትሪና ለውሃ ማጣሪያው በሚነሳበት ሰዓት ጋግሩ፣ ተጨማሪ ናፍጣ አታቃጥሉ። ጀልባዋ ካዘመመች ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ እንጀራው በአንድ ወገን ወፍራም በሌላው ስስ ይሆናል። ባሕሩ የረጋ ቀን ካልሆነ አትድከሙ። ከአገር ቤት የመጣ ድርቆሽ ካለ በበርበሬ ቁሌት ፍርፍር ይሆናል፣ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። ሽሮ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ለምንጾም ብቻ አይደለም። ትኩስ አትክልት ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሽሮ ይመጣል። የዘጌ ቡና ፈልቶ ፔርሙስ ውስጥ ይገባል። ጀበናው ወደብ እስኪደረስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

ውሃን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ። የባሕር ውሃ ማጣሪያው ቢሠራም መጠባበቂያ ያዙ። ለአራት ሰው፣ በቀን በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር፣ ለ25 ቀን 400 ሊትር ነው። ከፊሉ በጀሪካን ተለይቶ ይቀመጥ፤ አንዱ ታንከር ቢበከል ሌላው ይተርፋል።

ወረቀቱና ሥራው

ፓስፖርት፣ የባሕረኛ መታወቂያ ደብተር፣ የሕክምና ምስክር ወረቀት፣ መሠረታዊ የባሕር ደህንነት ሥልጠና። ሥልጠናው በባሕር ላይ ሕይወት ማዳንን፣ እሳት ማጥፋትን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታንና የግል ደህንነትን የያዘ ነው። ካለዚህ ማንም አይቀጥራችሁም። በእኛ ፓስፖርት ቪዛ ከባድ ነው። ጀልባዋ የምታርፍባቸውን ወደቦች ሁሉ አስቀድማችሁ ዘርዝሩና ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ጠይቁ። ድንገት አቅጣጫ ቢቀየር የምትገቡበትንም ጨምሩ።

እባካችሁ ይህን ልብ በሉ። ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ። የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ቀጣሪ ኤጀንሲ ከባሕረኛ የቅጥር ክፍያ እንዳይወስድ ይከለክላል። እናንተ የምትከፍሉት ለፓስፖርት፣ ለባሕረኛ ደብተርና ለሕክምና ወረቀት ነው። የቪዛው ወጪ እንኳ የመርከቡ ባለቤት ነው። ላም ተሸጦ፣ መሬት ተከራይቶ ለደላላ የተሰጠ ገንዘብ አይቻለሁ። ልጁም አልሄደ፣ ገንዘቡም አልተመለሰ። ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ ወደ አገር የመመለሻ ትኬት ይጻፍበት።

ጣና ላይ ተለማመዱ

ውቅያኖስ እስክታዩ አትጠብቁ። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለልምምድ ይበቃል። ጠዋት ውሃው ይረጋል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ዘጌ ያለው አጎቴ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ነው። “ልጄ፣ ፀሐይ አናትህ ላይ ስትደርስ አንተ ቤትህ ሁን” ይለኛል። ለልምምዱም ይህ ሰዓት ይሠራል።

ከሚያውቅ የጀልባ ሰው ጋር ተነጋገሩና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ተነሱ። ወደ ደቅ ደሴት አቅኑ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉት። በኮምፓስ፣ በሰዓትና በፍጥነት ብቻ ደሴቱ በስንት ሰዓት እንደምትታይ አስሉ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ስትታይ አወዳድሩ። በየግማሽ ሰዓቱ የናፍጣውን ደረጃ ለኩ። በአንድ ፍጥነት ሂዱ፣ ስትመለሱ በሌላ ፍጥነት ኑ። የቤንዚን ትንሽ ሞተር ቢሆንም ልዩነቱን በራሳችሁ እጅ ታገኙታላችሁ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ኃይሉ ይቀንሳል። ባሕር ላይ ያው ሞተር የተሻለ ይተነፍሳል። ቁጥራችሁን በቀጥታ አትውሰዱት፤ ውሰዱ የምላችሁ የመለካቱን ልማድ ነው።

ስትደርሱ

ወደብ ስትገቡ ቢጫውን ባንዲራ ስቀሉ። “ጤነኞች ነን፣ መግቢያ እንጠይቃለን” ማለት ነው። ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ እስኪጨርሱ ከካፒቴኑ በቀር ማንም አይወርድም። ሁሉም መሬት መርገጥ ያምረዋል፣ ግን ይጠብቃል።

የእናንተ ሥራ ገና ነው። ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት የመጨረሻውን ሙቀት ጻፉ። ሰርባቶዮዎቹን በመስታወት ቱቦው ለኩና ከግራፋችሁ ጋር አስተያዩ። 2,300 ሊትር ይተርፋል ብላችሁ 1,900 ከቀረ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ጀልባዋ ሥር ጠላቂ ላኩ፣ የጀኔሬተሩን ሰዓት ቁጠሩ። የተጠቀማችሁትን መለዋወጫ ዝርዝር ጽፋችሁ ዛሬውኑ እዘዙ፤ ደሴት ላይ ዕቃ ለመድረስ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። አዲስ ናፍጣ ሊያቀብሏችሁ ሲመጡ ደግሞ የመስታወቱን ማሰሮ ይዛችሁ ውጡ።